የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሥጋ ዶሮ ከጫጩት እስከ ድስት

ጥያቄ፦ ኮብ 500 ከሚባለው የሥጋ ዶሮ ዝርያ 25 ጫጩቶች አምጥቼ እስከ አራተኛው ሳምንት ዕድገታቸው ያስደስት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በተለይ ትልልቆቹ አውራዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ቁንጯቸው ወደ ሰማያዊ እየጠቆረ፣ እያለከለኩ ይሞታሉ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ሰጠኋቸው፤ ለውጥ የለም። ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይተላለፍም። መድኃኒቱም ያልሠራው ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ተዋሲ (ጀርም) የለም። በሽታው አሳይተስ ይባላል፣ መነሻውም የከተማዎ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። የሥጋ ዶሮ ደግሞ በስድስት ሳምንት ከ40 ግራም ወደ ሁለት ኪሎ እንዲደርስ ተመርጦ የተዳቀለ ስለሆነ ሥጋው የሚፈልገው ኦክስጅን ሳንባው ከሚያገኘው ይበልጣል። ኦክስጅን ሲያጥር የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ በቀኝ በኩል ያለው የልብ ክፍል በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት ሲታገል ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉበት ላይ ሲጠራቀም ፈሳሹ እየሰረገ ሆድ ውስጥ ይቋጠራል። የሞተውን አንዱን ከፍተው ይዩት፦ ጠጅ የመሰለ ቢጫ ውሃ፣ አንዳንዴም የረጋ ነገር ተቀላቅሎበት ያገኛሉ። አውራዎቹ ቀድመው የሚሄዱት ፈጥነው ስለሚያድጉ ነው።

አንዴ ሆዱ የተነፋ አይድንም፤ አርደው አይብሉት፣ ይቅበሩት። የቀሩትን ግን ማትረፍ ይቻላል። ዋናው ነገር ዕድገታቸውን ሆን ብሎ ማዘግየት ነው። በሚቀጥለው ዙር ከ8ኛው እስከ 21ኛው ቀን ድረስ መኖውን ማታ ያንሱባቸው፤ ለስምንት ሰዓት ያህል ባዶ መመገቢያ ይደሩ፣ ውሃው ግን አይነሳ። በእንክብል ፋንታ የዱቄት መኖ ይስጡ፤ ዱቄቱን ለመልቀም ጊዜ ስለሚወስድባቸው የሚበሉት ይቀንሳል። ብርድም ይጠብቋቸው፤ የበረደው ዶሮ ገላውን ለማሞቅ ተጨማሪ ኦክስጅን ያቃጥላል፣ የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ ምሕረት የለውም። ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ ቤቱን በላስቲክ ይደፍንና ከጉዝጓዙ የሚወጣው አሞኒያ ሳንባቸውን ይጎዳል። ከታች ይዝጉ፣ ከጣሪያው ሥር ግን አንድ ስንዝር ክፍት ይተዉ። ቤቱ ውስጥ ቁጢጥ ሲሉ ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት ጉዝጓዙ ይቀየር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በእርስዎ ከፍታ ጥቂት መሞታቸው አይቀርም። ስለዚህ 1.6 ወይም 1.8 ኪሎ ሲደርሱ ይታረዱ፤ የሚሞቱት በብዛት ከዚያ በኋላ ነው። የኔ ምርጫ ቢጠየቅ ለደጋ ሳሶ የተባለውን ዝርያ እመክራለሁ። ሁለት ኪሎ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ግን ልቡ ከሥጋው እኩል ያድጋል።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ እንዲደርሱልኝ ጫጩት መቼ ላስገባ? መኖስ ምን ያህል ይበቃል? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ የገባ የአንድ ቀን ጫጩት ለቅዳም ሥዑር 47 ቀን ይሞላዋል፤ ይህ ለሥጋ ዶሮ ልክ ነው። ለገና ከሆነ ኅዳር 15 ያስገቡ፣ ታኅሣሥ 28 ላይ 43 ቀን ይሆናቸዋል። ጫጩቱን ግን አስቀድመው ይዘዙ፣ በበዓል ሰሞን ሁሉም ሰው የሚፈልገው በዚያው ሳምንት ነው።

ለ25 ዶሮ አንድ ኩንታል መኖ ይያዙ፦ 15 ኪሎ የጫጩት፣ 35 ኪሎ የማሳደጊያ፣ 50 ኪሎ የማጠናቀቂያ። የእንቁላል ጣይ መኖ ተርፎ ከሆነ አይስጧቸው፤ ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ የተጨመረው ካልሲየም የጫጩት ኩላሊት ይጎዳል። ቦታው በመጨረሻው ሳምንት ለ25ቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ካሬ በታች እንዳይሆን፤ ሦስት ቢሆን ይሻላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥዬ ጫጩቶቹ ክፍል አስገባለሁ። አንድ ሌሊት ግማሾቹ ሞተው አደሩ። (ከሰበታ)

መልስ፦ ከሰሉን ዛሬውኑ ያውጡ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጫጩቶቹን የገደለው እሱ ሊሆን ይችላል፣ በአጠገቡ ክፍል የሚተኛንም ሰው ይገድላል። በምትኩ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጫጩቶቹ መሀል ያቁሙ። ከላይ ጋቢ ያልብሱ፣ ጠርዙን ግን አየር እንዲገባ ይክፈቱ። ለብዙ ሰዓት ይሞቃል።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሬሳዎቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ከነበረ ታፍነው ነው የሞቱት። ጫጩት ሲበርደው ወደ ጥግ ይገፋፋል፣ የታችኞቹ ይታፈናሉ። ክፍሉን በካርቶን ክብ አድርገው ጥጉን ያጥፉ። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቱ ጀርባ ቁመት ሙቀቱ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሁን፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ይቀንሱ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጫጩቱን ማየት በቂ ነው፦ ከተከማቸ በርዶታል፣ ከሙቀቱ ሸሽቶ አፉን ከከፈተ ሞቆታል፣ በየቦታው ተበትኖ ከለቀመ ተመችቶታል።

ጥያቄ፦ ክትባት በውሃ ሰጥቼ እያለ ፈንግል ፈጃቸው። ክትባቱ የማይሠራ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አሰጣጡ ነው። በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው የፈንግል ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ደግሞ ይገድለዋል። የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ፤ ከሌለ የቧንቧውን ከፍተው ያሳድሩና በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ይበጥብጡበት። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት አስጠምተው ይስጡ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥም ተጠጥቶ ይለቅ። ከገዙበት እስከ ቤት ድረስ በረዶ ባለው ዕቃ ካልመጣ ሲደርስዎት ሞቷል። ለ25 ዶሮ ደግሞ ውሃው ጭራሽ አያስፈልግም፤ በ7ኛው ቀን ኤችቢ1 የተባለውን የፈንግል ክትባት ለእያንዳንዱ ጫጩት በአንድ ዓይኑ ውስጥ አንድ ጠብታ ያድርጉ፣ እስኪያርገበግብ ይያዙት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ላሶታ የተባለውን የፈንግል ክትባት ይድገሙ፣ በመሀል የጉምቦሮ በሽታ ክትባቱን አይርሱ። ለበዓል ከገበያ የተገዛ ዶሮም ከእነዚህ ጋር አይቀላቀል።

ጥያቄ፦ አርጄ ስነጭ ቆዳው ይቀደዳል፤ ውሃውን ቀዝቀዝ ሳደርገው ደግሞ ላባው ይሰበራል። እባካችሁ ከመጀመሪያው አስረዱኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመታረዱ በፊት ለ10 ሰዓት ያህል መኖ ይከልክሉ፣ ውሃ ይጠጣ። አንጀቱ ባዶ ካልሆነ ሲከፈት ሥጋው ላይ ይፈሳል።

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ታቹን ቆርጠው፣ አፉን ጭንቅላት በሚያሳልፍ ልክ አስፍተው ግድግዳ ላይ በሚስማር ይምቱት። ዶሮው ተዘቅዝቆ ይገባና ጭንቅላቱ በታች ይወጣል። ክንፉን ማራገብ ስለማይችል ሥጋው ደም አይቋጥርም፣ እሱም አይንገላታም። እንደ እምነትዎ ባርከው፣ በተሳለ አጭር ቢላ ከመንጋጋው ሥር በአንድ ምት ሁለቱንም የአንገት ደም ሥሮች ይቁረጡ። ጭንቅላቱን ወዲያው አይለዩ፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይንጠፍጠፍ።

አሁን ወደ ውሃው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለመንጨት የሚፈለገው ግን ከ60 እስከ 65 ነው። ከምድጃ እንደወረደ ከነከሩት ቆዳው ይቀቀላል፣ የፈረሰኛው ሥጋም ነጥቶ ይታያል። ሁለት እጅ የፈላ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ባልዲ ውስጥ ቢቀላቅሉ ልኩን ያገኛሉ። እግሩን ይዘው ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት፣ ውሃው ወደ ቆዳው እንዲዘልቅ። የጅራቱን ትልቅ ላባ ሲስቡት ያለ ትግል ከወጣ ያውጡት፤ ካልወጣ አሥር ሰከንድ ይጨምሩ። በየሦስት ዶሮው ትኩስ ውሃ ይከልሱ። ሲነጩ ከክንፍና ከጅራት ይጀምሩ፣ እነሱ ሲቀዘቅዙ ይጠነክራሉ።

ሲከፍቱ መጀመሪያ አንገት ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ከቆዳው ያላቁ። ከዚያ ኩስ መውጫውን ዙሪያውን ቀስ ብለው ይቁረጡ፣ የቢላው ጫፍ ወደ ላይ ይዞር እንጂ ወደ አንጀት አይጠቁም። እጅዎን በደረት አጥንቱ ሥር አስገብተው ሁሉንም በአንድ ላይ ይሳቡ። ጉበቱ ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ የሐሞት ከረጢት አይንኩት፤ ከትንሽ ጉበት ጋር ቆርጠው ይጣሉት፣ ከፈሰሰ ያገኘውን ሁሉ ያመረዋል። ሳንባውን ከጎድን አጥንቶቹ መሀል በጣት ፍቀው ያውጡ። አጥበው በረዶ ውሃ ውስጥ ይክተቱ። ሁለት ኪሎ የነበረው ዶሮ 1.4 ወይም 1.5 ኪሎ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ የራሳችን የሥጋ ዶሮ ወጥ ውስጥ ይፈራርሳል። (ከአዳማ)

መልስ፦ የሰባት ሳምንት ዶሮ እንደ ሐበሻ ዶሮ አይቀቀልም። ሽንኩርቱና በርበሬው በቅቤ ፈጽሞ እስኪበስል ድረስ ዶሮው አይገባ፤ ከገባ በኋላ በመለስተኛ እሳት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ደጋግሞ ማማሰልም አያስፈልግም፣ ድስቱን መነቅነቅ ይሻላል። በሎሚና በጨው ሲያጥቡ ዘፍዝፈው አያሳድሩ። እንደታረደ ድስት ውስጥ ከመክተትም በቀዝቃዛ ቦታ ቢያንስ አምስት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይረፍ፤ ገና ጡንቻው ሳይላላ የተቀቀለ ሥጋ ይጨማተራል። ጠንከር ያለ ሥጋ ከወደዱ ጥቂቶቹን እስከ ዘጠኝ ሳምንት ያቆዩ፣ በተለይ ሴቶቹን፤ ክብደቱ እግራቸውን እንዳይጥል ግን መኖውን ቀንሰው።