እማዬ ፓፍ ትወስዳለች፣ ድመቷ ትስላለች፣ ዕጣኑም ይጨሳል

ሰላም ዶክተር፣ ጥያቄዬ ለአንዳንድ ሰው ቅንጦት ሊመስል ይችላል ግን የምሬን ጨንቆኝ ነው። ድመት አለችኝ፣ በመልኳ ሽሮ ነው ምንላት፣ 4 አመት ገደማ ይሆናታል፣ ከእማዬ ጋር ጉለሌ ነው ምንኖረው። ከክረምቱ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሶስቴ አንድ ነገር ያደርጋታል፣ ከተኛችበት ተነስታ መሬት ላይ ልጥፍ ትልና አንገቷን ወደፊት መዝዛ ክህ ክህ ክህ፣ ልታስመልስ ነው ብዬ ሮጬ ምንጣፉን አነሳለሁ፣ ምንም አይወጣም! የሆነ ነገር ዋጥ ታደርግና ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብላ እግሯን ትልሳለች። አንድ ክሊኒክ ወስጃት ነበር፣ እዛ ስትደርስ አንዴም አልሳለችም፣ ሰውየው ደረቷን እንኳን ሳያዳምጥ ፀጉር ነው ምናልባትም ትል ብሎ የትል ኪኒን ሰጥቶ ሸኘኝ፣ ለውጥ የለም።

ባለፈው እሁድ ግን ቡና ተፈልቶ ቤቱ በሰው ሞልቶ ቶናው ላይ ሶፋ ስር ገብታ ጀመራት፣ ስታቆም ጆሮዬን ጎኗ ላይ ባደርግ ሲር ሲር ይላል፣ ቁርጥ የእማዬን ደረት። እማዬ እኮ አስም አለባት፣ ፓፏ ረከቦቱ አጠገብ ነው ሚቀመጠው 😅 ጎረቤቶች ደሞ በሽታውን ያመጣችባት ድመቷ ናት አውጥተሽ ጣያት እያሉኝ ነው። ድመት አስም ይይዛታል እንዴ? ከያዛትስ የእማዬን ፓፍ ብሰጣት? ደሞ እማዬን ዕጣን አታጭሺ ምትባለው በየት በኩል ነው?

የሽሮ እናት፣

አዎ ይይዛታል፣ ከእናትሽም ብዙ ማይለይ አስም ነው። የምትስበው ነገር አለርጂ ይሆንባትና የአየር ቧንቧዋ ከውስጥ ያብጣል፣ አክታ ይሞላል፣ ጡንቻው ይጨማደዳል፣ ያ ሲር ሲር አየሩ በጠበበ መንገድ ሲያልፍ የሚመጣ ነው። ምንጣፍ አንስተሽ ምንም አለማግኘትሽ ራሱ ብዙ ይናገራል። ፀጉር ምትተፋ ድመት ሆዷ ነው ሚናጠው፣ መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር መሬት ላይ ትተዋለች። ሳል ሲሆን ግን ልጥፍ ብላ አንገቷን ትመዛለች፣ ዋጥ ምታደርገውም አክታውን ነው። ሰው ሁሉ ይሄን ያምታታዋል፣ እኛም ጭምር።

ብቻ በደብዳቤ አስም ነው ብዬ አልፈርድም። አይጥና እንሽላሊት ምትበላ ድመት የሳንባ ትል ሊኖርባት ይችላል፣ ሳሉ አንድ አይነት ነው፣ የተሰጣት ኪኒን ደሞ የሆድ ትል ብቻ ሚገድል ሊሆን ይችላል። ስለዚ ሰገራዋ ይመርመር፣ ደረቷ ራጅ ይነሳ (ራጁ ንፁህ ሆኖም አስም ሊሆን ይችላል፣ በሱ ብቻ እንዳትረጋጊ)። ሰፈር ውስጥ ራጅ ካጣሽ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቂ። ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊና ስትስል ቅረጫት፣ ሐኪም ፊት አትስልልሽም።

እስከዛ ግን እንቅልፍ ሲወስዳት ትንፋሿን ቁጠሪ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጤና ነው፣ ተኝታ በየቀኑ ከ30 ካለፈ ቀጠሮ አትጠብቂ። እንደ ውሻ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይ ድዷ ወደ ሰማያዊ ወደ አመድማ ከሄደ ግን ለሊትም ቢሆን ተነስተሽ ውሰጃት፣ መንገድ ላይ አታጨናንቂያት፣ አትቀፊያት፣ ካርቶን ውስጥ አድርገሽ ዝም በያት።

ፓፉን በተመለከተ፣ ውስጡ ያለው ሳልቡታሞል (ቧንቧ ከፋቹ) ከሆነ ለድመትም ይሰጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ግን እብጠቱን አይነካውም፣ በየቀኑ ሲሰጥ እንደውም ያባብሰዋል። ዋናው መድኃኒት እብጠቱን ሚቀንሰው ስቴሮይድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን ተጀምሮ ቀስ በቀስ እንደ ፓፍ ወደሚሳበው ፍሉቲካሶን ይዞራል፣ ፍሉቲካሶኑ በደንብ ለመስራት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ፕሬድኒሶሎኑን ተሻላት ብለሽ ባንዴ እንዳታቆሚ። አፏ ላይ ፓፍ መንፋት ደሞ ከንቱ ድካም ነው፣ ማስክ ያለው ስፔሰር (ፓፉ ሚሰካበት ባዶ ቱቦ) ያስፈልጋል፣ ሐኪሙ ካየው የሕፃናቱም ይሰራል፣ ከ7 እስከ 10 ጊዜ እስክትተነፍስ ፊቷ ላይ ይያዛል። መጀመሪያ ባዶውን ማስክ ከስጋ ጋር አለማምጃት፣ በግድ ከጀመርሽ አልቆልሻል፣ ሁለተኛ አታገኚያትም። እና እባክሽ ከቤት ውስጥ ፓራሲታሞል ምናምን እንዳትሞክሪ፣ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል።

አሁን ወደ ዕጣኑ። ከክረምት ጀምሮ ያልሽው በር ተዘግቶ ከሰሉም ዕጣኑም ሳንደሉም እዛው ስለሚታጠን ይመስለኛል፣ እርጥበቱና ሻጋታው ሲጨመር አስቢው። የበረሮ ፍሊትና በረኪናም እዛው መዝገብ ላይ ናቸው፣ መፀዳጃዋ ላይ ሰጋቱራ ወይ አመድ ከሆነ ምታደርጊው ደሞ በታጠበ አሸዋ ቀይሪው፣ ስትጭር አቧራው ፊቷ ላይ ነው ሚነሳው። እናትሽን ስለ ድመት ብለሽ ዕጣን ብታስከለክያቸው ጦርነት ነው፣ እኔም እናት አለኝ። ስለራሳቸው አንሺው፤ ያ ጭስ የሳቸውንም ደረት ነው ሚያፍነው፣ ፓፉ ረከቦቱ አጠገብ ሚቀመጠው ለምን ይመስልሻል? ቀጣዩ ቀጠሯቸው ላይ አብረሽ ግቢና ሐኪማቸው ፊት ጠይቂ፣ ከልጅ ይልቅ ጋውን የለበሰ ይሰማል። እስከዛ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ሽሮ ሌላ ክፍል በሩ ተዘግቶባት ትቆይ፣ ጭሱ እስኪወጣ መስኮት ክፈቱ።

ጎረቤቶቹን ሙሉ በሙሉ ውሸታም አልላቸውም። አስም ከድመት ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ድመት አለርጂ ሆኖባቸው አስማቸው ሚነሳባቸው ሰዎች ግን አሉ። እናትሽ ሽሮ አልጋቸው ላይ ስታድር ሚብስባቸው ከሆነ ለሐኪማቸው ይናገሩ፣ መኝታ ቤቱንም ከዛሬ ጀምሮ ከልክያት።

ስትቀርጫት ደሞ ቴሌቪዥኑን ዝጊው፣ ሐኪሙ ድምፁን መስማት አለበት።