የእንግሊዙን ልማር ወይስ የአሜሪካኑን?

ጥያቄ፦ «በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ‹እንግሊዝኛሽ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቅልቅል ነው፤ ትክክለኛው የእንግሊዞቹ ነው› ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ በራስ መተማመኔ ወረደ። አክሰንት የሚያስተካክል ኮርስ ልመዘገብ ነው፤ ክፍያው ግን ከበድ ይላል። ይጠቅመኛል? የሥራ ማመልከቻዬንም አያይዣለሁ።» ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ለአክሰንት የምትከፍይበት ምክንያት አይታየኝም። ማመልከቻሽ ላይ ግን ብዙ የምንሠራው አለ፤ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ «ትክክለኛው የእንግሊዞቹ ነው» ያለሽ ሰው ተሳስቷል። አሜሪካኖች «ካር» ሲሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ጥርት አድርገው ያሰሟታል። የለንደን ሰው ደግሞ ይውጣታል። የቆየው የአሜሪካኖቹ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ሲሄዱ፣ «ር» እንግሊዝ ውስጥም በብዙ ቦታ ትሰማ ነበር። በለንደንና በአካባቢው መዋጥ የተለመደው ከዚያ በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስኮትላንዶችና አይሪሾች ዛሬም ያሰሟታል። ስለዚህ አንዱ ዋና፣ ሌላው ብልሽት አይደለም።

የፊደል አጻጻፉም እንደዚያው ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ለንደን ላይ ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ከለር» በ«ዩ» ይጻፋል። ኖኅ ዌብስተር በ1828 አሜሪካ ውስጥ ባወጣው ላይ «ዩ»ዋ የለችም። ዌብስተር ነጻ የወጣ አገር የራሱ አጻጻፍ ሊኖረው ይገባል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

ያንቺ ቅልቅልም ቢሆን የኛ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፈረንጆቹ 1950 ሲከፈት የመሩት ጀስዊቶች የሚባሉ ካናዳዊ የካቶሊክ መነኮሳት ነበሩ። ከ1962 ጀምሮ ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በኩል መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ገቡ። የሕንድ መምህራን ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ አስተምረዋል። መምህራንሽን ያስተማሩት እነዚህ ናቸው፤ እንዴት አይቀላቀልብሽ! ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ስለ አክሰንት ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንዲት የተሳሳተች ቃል ሕይወት ልትቀጥፍ የምትችልበት ሥራ አቪዬሽን ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለሚሠሩ ፓይለቶችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ መለኪያ አለው። ከስድስት ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን ይጠይቃል። አክሰንትን በተመለከተ የሚፈልገው በሙያው ላሉ ሰዎች እንዲገባ ብቻ ነው። የለንደን ወይም የኒውዮርክ ይሁን አይልም። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም ቢሆን የእንግሊዙንም የአሜሪካኑንም አጻጻፍ ይቀበላል። ንግግርሽ ይገባ እንደሆነ ለማወቅ ኮርስ አያስፈልግሽም። አንድ ገጽ አንብበሽ በስልክሽ ቅጂ፤ ጽሑፉን ላላየ ሰው አሰሚና የሰማውን ይጻፍልሽ። የሳታቸው ቃላት ላይ ብቻ ሥሪ።

አሁን ወደ ማመልከቻሽ። «ኢስቲምድ ኦርጋናይዜሽን» (የተከበረ ድርጅት) ብለሽ ጀምረሽ፣ «ካይንድሊ» (በትሕትና) ሦስት ቦታ ጨምረሽ፣ ሥራ ለመጀመር «ኮሜንስ»፣ ለመርዳት «አሲስት» ብለሻል። ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥትና ፍርድ ቤት ለረጅም ጊዜ በፈረንሳይኛና በላቲን ነበር የሚሠራው። በእርሻውና በማጀቱ ግን የድሮው እንግሊዝኛ ቀጠለ። «ኮሜንስ»ና «አሲስት» በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው፤ «ስታርት»ና «ሄልፕ» የአገሬው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዛሬም ቢሮ ቢሮ ይሸታሉ። እኛ አገር አክብሮት የሚገለጸው በነሱ ይመስለናል፤ ብዙ ቀጣሪ ግን አመልካቹ ከትልልቅ ቃላት ጀርባ የሚደበቅ ይመስለዋል። ስለዚህ አጫጭሮቹን ምረጪ። «ኢስቲምድ» ይውጣ። አንድ «ካይንድሊ» እንኳ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው፣ በአንድ ገጽ ላይ «ሌበር»ን በ«ዩ» ጽፈሽ «ሴንተር»ን በአሜሪካኑ አጻጻፍ ጨርሰሽዋል። ቅልቅሉ ችግር የሚሆነው እዚህ ነው፤ ግድየለሽ ያስመስልሻል። ከመጻፍሽ በፊት የቀጣሪውን ድረ ገጽ አንብቢና የሱን አጻጻፍ ያዢ። የአሜሪካ ኩባንያ ከሆነ የኮምፒውተርሽን ማረሚያ ወደ አሜሪካን ቀይሪው። የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት ከሆነ ተጠንቀቂ፤ «ሌበር» በ«ዩ» ነው፣ «ኦርጋናይዜሽን» ግን በ«ኤስ» ሳይሆን በ«ዜድ» ነው። ይህ የኦክስፎርድ አጻጻፍ ነው። ብዙ አመልካች «ዜድ» ሲያይ አሜሪካን ነው ብሎ ይሳሳታል።

ከአክሰንት ይልቅ ጊዜሽን የትርጉም ልዩነት ላይ አውዪው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መኮንኖች አንድን ሰነድ «ቴብል» እናድርገው አሉ፤ ቶሎ እንወያይበት ማለታቸው ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ወደ ጎን እናስቀምጠው የተባለ መሰላቸው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ረጅም ክርክር ገጠሙ። ይህን የጻፈው ራሱ ዊንስተን ቸርችል ነው።

ይህ በቀንም ላይ ይመጣል። ሲቪሽ ላይ 3/4/2024 ብለሻል። ለእንግሊዙ ኤፕሪል 3 ነው፣ ለአሜሪካኑ ማርች 4። የወሩን ስም በቃል ጻፊው። ማመልከቻውን በዚህ መልክ አስተካክለሽ ላኪልኝና እንደገና እናየዋለን።