በሰመር ኦርላንዶ ለምትሄዱ፦ ወረፋውንም ሙቀቱንም ባንዴ ለማምለጥ

በሰመር ልጆቹን ይዞ የዲስኒና የዩኒቨርሳል መዝናኛ ፓርኮች ወዳሉበት ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ለመሄድ የሚያስብ ወላጅ ሁለት ነገር ያሳስበዋል። አንዱ ወረፋው ነው፣ ሌላው ሙቀቱ። ደግነቱ ሁለቱም የሚብሱት በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ከረፋዱ 11 እስከ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐዩም ይከራል፣ ሕዝቡም ይጨናነቃል። ይህን ሰዓት ከፓርኩ ውጪ ያሳለፈ ቤተሰብ ሁለቱንም ባንዴ ይገላገላል። ከዚህ በታች የምላችሁ አብዛኛው ነገር የሚነሣው ከዚህ ነው። ሰዓቱን የምጽፈው እዚያው በሚሠራበት አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 9 ሰዓት ስል የእኛን 3 ሰዓት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ግን ቀኑን እንምረጥ። ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ የሰሜኑም የደቡቡም ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በተለይ የጁላይ 4 ሳምንት ምርጫ ካላችሁ እለፉት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ጆርጂያ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገና ኦገስት ሲገባ ይከፍታሉ። ፍሎሪዳ በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ትከተላለች። ስለዚህ ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ወረፋው በግልጽ ይቀንሳል። ሲያትልና ሚኒሶታ ያላችሁ ወገኖቼ እዚህ ላይ ታድላችኋል። የእናንተ አካባቢ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በሌበር ዴይ (በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) ገደማ ስለሆነ የኦገስት የመጨረሻው ሳምንት የእናንተ ነው። አትላንታ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። ልጆቻችሁ ሜይ መጨረሻ ላይ ይዘጋሉ፤ የሰሜኑ ልጆች ሳይለቀቁ የጁንን የመጀመሪያ ቀናት ተጠቀሙባቸው። ዲሲ አካባቢ ከካውንቲ ካውንቲ ስለሚለያይ ካላንደራችሁን አይታችሁ ወስኑ።

ለምትጾሙ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ወረፋው መቅለል የሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው። በፍሎሪዳ ሙቀት ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት (በእኛ ዘጠኝ ሰዓት) በእግር መዞር ለጤና አደገኛ ነው። ለምን ከጾሙ ጋር ትታገላላችሁ? ጾሙ በኦገስት 22 ከተፈታ በኋላ ያለውን ሳምንት ያዙ። ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የትኛው ቀን ይሻላል ለሚለው ጥያቄ አንድ ጥሩ ጠቋሚ አለ። የዲስኒም የዩኒቨርሳልም የትኬት ዋጋ እንደየቀኑ ይለያያል። ፓርኮቹ ሰው ይበዛል ብለው የሚጠብቁትን ቀን ያስወድዳሉ። የዋጋ ካላንደሩን ክፈቱና ረከስ ያሉትን ቀናት እዩ። ብርም ቆጠባችሁ፣ ወረፋም ቀነሳችሁ። ሰኞ ሰው ሥራ ስለሚገባ ፓርኩ ይቀልላል ብላችሁ ግን አታስቡ። ኦርላንዶ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ሳምንት ሙሉ ዕረፍት ይዞ ከሩቅ የመጣ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይገባል፣ ሰኞ ጠዋት ማጂክ ኪንግደም በተባለው የዲስኒ ፓርክ በር ላይ ነው። ከኦገስት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ ደግሞ ማጂክ ኪንግደም በአንዳንድ ምሽቶች በተለየ ትኬት የሚገባበት የሃሎዊን ድግስ አለው። በነዚያ ቀናት የቀን ትኬት የያዘ ሰው ምሽት 6 ሰዓት ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ቀኑ ያጥርብኛል ብሎ ይሸሻቸዋል። በጠዋት ለሚገባ ቤተሰብ ግን ቀን ላይ ቀለል የሚሉ ቀናት ናቸው።

አሁን ወደ ጠዋቱ። በሰመር ኦርላንዶ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት በር የሚከፈትበት የመጀመሪያው ሰዓት ነው። አየሩ ገና አልጋለም፣ ሕዝቡም ገና ሆቴሉ ቁርስ ላይ ነው። በዚያ አንድ ሰዓት የምትጫወቱትን እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሰዓት ተሰልፋችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ፓርኩ 9 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ ቢያንስ ከ45 ደቂቃ በፊት በር ላይ ተገኙ። ማጂክ ኪንግደም በመኪና ለምትሄዱ ከዚያም በፊት ይሁን። መኪናችሁን ካቆማችሁ በኋላ ገና በሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር) ወይም በጀልባ ሐይቁን መሻገር አለ። ዲስኒ ሆቴል ያረፈ ሰው ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። በዩኒቨርሳል ሆቴሎች ያረፈ ደግሞ በተመረጡ ፓርኮች እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ የመግባት ዕድል አለው። ሆቴል ስታወዳድሩ ይህንን ከዋጋው ጋር አስቡት።

እዚህ ላይ በግልጽ የምናገረው ነገር አለ። እኛ ሰብሰብ ብለን መጓዝ እንወዳለን። ሦስት አራት ቤተሰብ ሆኖ መሄድ ለልጆቹም ለእኛም ደስታ ነው። ጠዋት ላይ ግን አንዱ ሌላውን ሆቴል ውስጥ ሲጠብቅ ያ ወርቃማ ሰዓት ያልፋል። የአንዷ ልጅ ፀጉር አላለቀም፣ የአንዱ መኪና ነዳጅ ይፈልጋል፣ በዚህ መሀል 10 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ መገናኛችሁን ፓርኩ ውስጥ አድርጉ። ትኬቱ በየቤተሰቡ ስልክ አፕ ላይ ይግባ፤ የደረሰ ይግባ፣ ምሳ ላይ ትገናኛላችሁ። ማንም ማንንም አይቀየም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ውጡ። ይህን ስል ሁልጊዜ የምሰማው መልስ አንድ ነው። "ይህን ሁሉ ብር ከፍለን ሆቴል ገብተን እንተኛ?" ስሜቱ ይገባኛል። በላባችን ያመጣነው ገንዘብ ነው። ግን አስቡት፤ በዚያ ሰዓት ፓርኩ ውስጥ የምታገኙት ወረፋ ነው። ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ እናንተ ትነታረካላችሁ፣ ምሽት ላይ ፓርኩ ሲያምር ሁሉም ደክሞ ወደ መኪናው ይሄዳል። 12 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ጋደም ብላችሁ፣ ልጆቹ ዋና ዋኝተው 5 ሰዓት ላይ ስትመለሱ ሁለተኛ ቀን እንደ ጀመራችሁ ይሰማችኋል። በዚያው ቀን ተመልሶ መግባት በትኬቱ ይፈቀዳል። ዲስኒ ውስጥ መደበኛ ፓርኪንግ አንዴ ከከፈላችሁ ለዚያ ቀን ስለሚሠራ ስትመለሱ ድጋሚ አትከፍሉም። ለዚህ ሲባል ራቅ ካለ ርካሽ ሆቴል ይልቅ ቀረብ ያለውን መምረጥ ያዋጣል። ለመሄድና ለመመለስ አንድ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ዕረፍቱ ዕረፍት አይሆንም።

መውጣት ካልቻላችሁ ያንን ሰዓት ጣሪያ ሥር አሳልፉት። ኤፕኮት በተባለው የዲስኒ ፓርክ ውስጥ ሊቪንግ ዊዝ ዘ ላንድ፣ ዘ ሲስ፣ እንዲሁም ግማሽ ሰዓት ገደማ ተቀምጠው የሚያዩት ዘ አሜሪካን አድቬንቸር አሉ። ሦስቱም ኤሲ አላቸው። እንስሳት የሚታዩበት የዲስኒ ፓርክ፣ አኒማል ኪንግደም፣ ግን የጠዋት ፓርክ ነው። እንስሳቱም ቢሆኑ የሚንቀሳቀሱት ሳይሞቅ ነው። በሜይ 2025 የተከፈተው የዩኒቨርሳሉ ኤፒክ ዩኒቨርስ ደግሞ አዲስ ስለሆነ ዛፎቹ ገና ብዙ ጥላ አይሰጡም። እሱንም በጠዋት ያዙት።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፤ አትደናገጡ። ፍሎሪዳ በሁለት በኩል ባሕር ያላት ልሳነ ምድር ናት። መሬቱ ሲግል ከምሥራቅም ከምዕራብም የባሕር ነፋስ ይገባና መሀል አገር ላይ ይገናኛል። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ መብረቅና ዶፍ ይከተላል። በሰመር ይህ ብዙ ቀን የሚታይ ነገር ነው። መብረቅ ሲቀርብ ከቤት ውጪ ያሉ ጨዋታዎችና የውኃ ፓርኮች ይቆማሉ። ብዙ ሰው ቀኑ ተበላሸ ብሎ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ዝናቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይቆይም። ሲያባራ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ወረፋውም ይቀላል። ዕረፍት ወጥታችሁ የነበራችሁት የምትመለሱት ልክ ያኔ ነው። የዝናብ ልብስ ከቤታችሁ አካባቢ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ፓርኩ ውስጥ ውድ ነው።

ስለ ሙቀቱ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የኦርላንዶ የጁላይ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 33 ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በፋራናይት 91 ወይም 92። ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራም። አየሩ እርጥበት ስላለው ግን ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ሰውነት ላይ የሚሰማው ከ38 ሴልሺየስ በላይ ይሆናል። በተለይ ከሀገር ቤት ልጅ ለመጠየቅ የመጡ እናትና አባት ካሉ አስቡላቸው። ከደጋ አየር የመጣ ሰው ሰውነቱ እንዲህ ያለውን ሙቀት ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ስለሚወስዱ ውኃ ቶሎ ያልቅባቸዋል። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታስቁሙ። ኢንሱሊን ያለው ሰው ቀዝቃዛ መያዣ ይያዝ፣ መኪና ውስጥ አይተወው።

እናቶቻችን ደግሞ አይናገሩም። "እኔ ደህና ነኝ፣ እናንተ ተጫወቱ" ይላሉ። ጥያቄ አይበቃም፤ ፊታቸውን እዩ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብ ከታየ ወዲያው ቀዝቃዛ ቦታ አስገቡ፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጡ። በእያንዳንዱ ፓርክ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል አለ፤ እዚያ ውሰዷቸው። ንግግራቸው ከተምታታ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል። ያኔ 911 ደውሉ፣ እስኪመጡ ሰውነታቸውን በውኃ አቀዝቅዙ። ዊልቸር መከራየት ለእናታችሁ ውርደት አይደለም። መራመድ የሚችል ሰውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሲዞር ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል።

ውኃ አትግዙ። ዲስኒ ውስጥ ፈጣን ምግብ የሚሸጡት ቤቶች በረዶ ያለው ውኃ በኩባያ በነፃ ይሰጣሉ። የራሳችሁን ምግብና ውኃ ይዛችሁ መግባትም ትችላላችሁ፤ አልኮልና የመስታወት ዕቃ አይገባም። በየሁለት ሰዓቱ የፀሐይ ክሬም ቀቡ። ቆዳችን ጠቆር ቢልም ይቃጠላል።

ላይትኒንግ ሌን የሚባለው የዲስኒ ወረፋ ማሳጠሪያ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ዋጋውም እንደየቀኑ ነው። በዲስኒ ሆቴል ያረፈ ከ7 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ3 ቀን በፊት ማስያዝ ይጀምራል። በእኔ አስተያየት በጠዋት ለሚገባ ቤተሰብ በየቀኑ መግዛት አያስፈልግም። ለማጂክ ኪንግደም ቀን ብቻ ግዙ፣ ሌላውን ብር አስቀሩ። ቁመቱ የማይደርስ ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ራይደር ስዊች የሚባለውን ጠይቁ። አንዱ ወላጅ ሲጫወት ሌላው ልጁን ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ሙሉውን ወረፋ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። አይከፈልበትም፤ ዩኒቨርሳልም ተመሳሳይ አሠራር አለው።

ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሀሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ነው፤ የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ነው። በነዚያ ሳምንታት የምትሄዱ ሊሰረዝ የሚችል ሆቴልና ቀኑ የሚቀየር የአውሮፕላን ትኬት ያዙ።

ምሽት ላይ የመጨረሻውን አንድ ሰዓት አትልቀቁት። ርችቱን ለማየት ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ሲቆም የትልልቆቹ ጨዋታዎች ወረፋ ይቀንሳል። መዝጊያው ሰዓት ሳይደርስ ሰልፍ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ፓርኩ ቢዘጋም ተራው ደርሶት ይጫወታል። ስለዚህ በጣም የምትፈልጉትን አንድ ጨዋታ ለመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አስቀሩት። ጨርሳችሁ ስትወጡ የሞኖሬሉና የፓርኪንጉ ግርግርም አልፎ ይጠብቃችኋል።