የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያልተነበበ ቆጣሪና ያልተሰጠ ሥልጠና

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ለሦስት ወራት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አንባቢ ወደ ግቢያችን ሳይመጣ ቆይቶ፣ አሁን የሦስቱ ወር ፍጆታ በአንድ ሂሳብ ተጠቃልሎ ከለመድነው እጅግ የበለጠ ክፍያ መጣብን። ሁለት ተከራዮችም ከእኛው ቆጣሪ ስለሚጠቀሙ ነገሩ በመካከላችን ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆን? አቤት የምንለውስ ለማን ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ቆጣሪውን ከመጠርጠርዎ በፊት ታሪፉን እንዲያዩ እንመክራለን። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ51 እስከ 100፣ ሦስተኛው ከ101 እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ እስከሆነው ድረስ ይዘልቃል፤ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥርም የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ በየወሩ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤት በየወሩ ቢነበብለት ከመጀመሪያው እርከን አይወጣም፤ የሦስት ወሩ 150 ተደምሮ እንደ አንድ ወር ፍጆታ ከታሰበ ግን ሦስተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። እርስዎ ሊጠይቁ የሚገባዎትም ይህንኑ ነው፤ ፍጆታው ለሦስቱ ወራት ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ወር በራሱ እርከን ይታሰብልን ይበሉ። ንባቡ የዘገየው በእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀምም የሚደርሰው ጉዳት ተመሳሳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በሳምንት ለአራት ሰዓት እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ለምጣዱ ብቻ በሳምንት 14፣ በወር ደግሞ ወደ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ሦስቱም ቤት በየፊናው ሲጋግር፣ በረመዳን ደግሞ ማድ ቤቱ ሲበረታ፣ ማንም አባከነ ሳይባል ሂሳቡ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ተከራዮቹን ከመውቀስ ይልቅ ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ ቆጣሪ እንዲገባ ማመልከቱ ይሻላል።

ቆጣሪውንም ራስዎ መፈተን ይችላሉ። የተከራዮቹን ጨምሮ በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ ነቅለው፣ መብራቱንም አጥፍተው ቆጣሪውን ይመልከቱ፤ የሚዞረው ሳህን መዞሩን፣ ወይም በአዲሶቹ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ማለቷን ካላቆመች መስመሩ ላይ የሚያፈስ ነገር ወይም የተቀጠለ ሌላ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ምጣዱን ብቻ ለግማሽ ሰዓት ለኩሰው ንባቡን ከፊትና ከኋላ ይመዝግቡ። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ ከሆነ ልዩነቱ ከ1.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም መራቅ የለበትም፤ እጅግ ከራቀ ቆጣሪው እንዲመረመር የሚጠይቁበት በቂ ምክንያት አለዎት። ቆጣሪውን ግን በፍጹም አይክፈቱ።

አቤቱታዎን በመጀመሪያ ኃይሉን ለሚሸጥልዎ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂም ያስቀሩ። ብዙ ሰው ኃይል የሚሸጠውንና ሻጩን የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤት አንድ አድርጎ ያያል፤ ይህ ስሕተት ብዙዎችን ከመብታቸው አስቀርቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ቁጥጥሩን ለኢነርጂ ባለሥልጣን የሰጠ ሲሆን፣ ዛሬ ይህን ኃላፊነት የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ቅርንጫፉ መልስ ከነፈገዎ ወደዚያ መሄድ ይችላሉ፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው የሚመረምረው ሰነድ ነውና በየወሩ መጨረሻ የቆጣሪውን ቁጥር ከነቀኑ በስልክዎ ፎቶ ማንሣትን ልማድ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። ስለ ደኅንነት ሥልጠና ሳልወስድ፣ ሥልጠና መውሰዴን በሚገልጽ ወረቀት ላይ እንድፈርም ተጠየቅሁ። ባልፈርም ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፍርሃትዎን እንረዳለን፤ ሆኖም አይፈርሙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኝ የማድረግን፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብንና የደኅንነት ሠራተኛ የመመደብን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ያ ፊርማ ግዴታው ሳይፈጸም እንደተፈጸመ የሚያስቆጥር ነው፤ ነገ አደጋ ቢደርስ «ተነግሮት ነበር» የሚባልበት ማስረጃ ይሆናል።

ሥልጠናው ምን መያዝ እንዳለበት ያውቁ ዘንድ ይህን ልብ ይበሉ። ጠጋኙ ማሽን ከመንካቱ በፊት ብሬከሩን ያጠፋል፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው በራሱ ቁልፍ ይቆልፈዋል፤ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ምልክት ያንጠለጥልበታል፤ በመጨረሻም ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጣል። ካፓሲተር የሚባለው ኃይል አጠራቃሚ ዕቃ ያለበት ማሽን ደግሞ ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ እጁን ሲሰድ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህ በቃል ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ እዚያው ማሽኑ አጠገብ በተግባር መታየት አለበት።

እንግዲህ ለአሠሪዎ በጽሑፍ «ሥልጠናውን እስካሁን አልወሰድኩም፤ እንደወሰድኩ እፈርማለሁ» ብለው ያመልክቱ፤ ቅጂውንም ይያዙ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በእርሱ በኩል ማቅረቡ ፍርሃትዎን ያቀልልዎታል። ካልሰሙዎት ለመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያሳውቁ፤ ተቆጣጣሪ በማንኛውም የሥራ ሰዓት አስቀድሞ ሳያስታውቅ ወደ ሥራ ቦታ የመግባት ሥልጣን አለው። አዋጁ በአንቀጽ 32 ደግሞ፣ ለደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ በተሰጠው ማስጠንቀቂያ መሠረት ያላስወገደን አሠሪ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ትቶት መሄድ እንደሚችል ይደነግጋል። ወደዚህ እንዳይደርሱ ምኞታችን ነው፤ ቢደርሱ ግን ማስጠንቀቂያው መሰጠቱን የሚያስረዳልዎ ዛሬ የሚጽፉት ማመልከቻ ነው።