«ተመርቀሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሞላሁት አካውንቲንግ ነበር፤ ነጥቤ ስላልበቃ ሶሺዮሎጂ ተመደብኩ። መጀመሪያ አልቅሻለሁ። አሁን ግን ወድጄዋለሁ፣ በተለይ የአንትሮፖሎጂ ኮርሶቹን። ችግሩ ቤት ነው። ለበዓል ስሄድ አባቴ ዘመድ ፊት «ተመርቀሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይለኛል፤ መልስ የለኝም። የአጎቴ ልጅ ባንክ ገብቷል፣ ንጽጽሩ አያልቅም። የዶርም ልጆችም «እሱ እኮ ሽምደዳ ነው» ይላሉ። ትቼው የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ልጀምር?
ግራ የገባት፣ ከደሴ

እህቴ፣ የአባትሽ ጥያቄ ክፋት የለውም። «ሶሺዮሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብዙም አይወጣም። ምሩቃኑን የምታገኚያቸው በሌላ ስም ነው። አንዷ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ባለሙያ ናት። ሌላው እርዳታ ድርጅት ውስጥ ክትትልና ግምገማ ይሠራል። መንገድ ወይም ግድብ ሲሠራ ከቦታቸው የሚነሱ ሰዎች ምን እንደሚያጡ የሚያጠናም አለ። ሥራው እንደ ልብ ይገኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ሽምደዳውን በተመለከተ፣ ሃንድአውት ብቻ ካነበብሽ ልጆቹ እውነታቸውን ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ የኦሮሞን የገዳ ሥርዓት ያጠኑት ቦረና ወርደው፣ ከሰዉ ጋር ኖረው ነው፤ መጽሐፋቸው በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንቺ ቦረና መሄድ አይጠበቅብሽም። የእናትሽን ዕድር ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያሳዩሽ ለምኚ። የወር መዋጮ አለ፣ ቀብር የቀረ ሰው ቅጣት አለ፣ የድንኳንና የወንበር ውሰት አለ። ብዙ ዕድር ለልጅ ሞትና ለአማት ሞት የሚከፍለው እኩል አይደለም። ለምን? ማንስ ወሰነው? ዝምድና በብር ተተምኖ የተጻፈበት ደብተር እኮ ነው! የሶሺዮሎጂ ጭንቅላትሽ ማን ከፈለ፣ ማን ተሰረዘ ብሎ ይቁጠር። የአንትሮፖሎጂው ደግሞ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ የሚወራውን ይስማ። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ከዚያ ይወጣል።

ስለዚህ አትተዪው። ግን ብዙ የሶሺዮሎጂ ተማሪ ከስታቲስቲክስ ይሸሻል፤ አንቺ እንዳትሸሺ። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ የኮምፒውተር ፕሮግራም አሁኑኑ ልመጂ። ክረምት ላይ መረጃ ሰብሳቢ የሚፈልግ ጥናት ካለ ክፍያው ቢያንስም ግቢ። ለአባትሽም «ጥናት እሠራለሁ» በያቸው፣ የዕድሩን ሥራ ሲያልቅ አንብቢላቸው። ለግል ኮሌጁ የታሰበ ብር ካለ ደግሞ ላፕቶፕ ይግዙልሽ።