ልጄን ራሱን እያመመው ያስታውከዋል፤ ሲቲ ስካን ላስነሳው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በወር ሁለት ሦስቴ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግንባሩን ይዞ ይገባል። «መጋረጃውን ዝጊልኝ» ይላል፣ ያስታውከዋል፣ ከዚያ ይተኛል። ማታ ሲነሳ ምንም እንዳልነበረ እራቱን በልቶ ይጫወታል። አንድ ቦታ ሳይነስ ነው አሉን፣ ሌላ ቦታ ታይፎይድ። መነፅርም ገዛንለት፣ ለውጥ የለም። እናቴ ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ታሸዋለች። ሲቲ ስካን ላስነሳው?
እናቱ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፉልኝ ነገር በጣም ማይግሬን (እየተመላለሰ የሚመጣ ከባድ የራስ ምታት ሕመም) ይመስላል። ማይግሬን የትልቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትንም ይይዛል። እስከ ጉርምስና ወንዱንም ሴቷንም ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ የሚበዙት።

የሚያሳስተው ልጆች ላይ መልኩ ስለሚለይ ነው። ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ ግማሽ ጭንቅላቱን ይዞ ይመጣል፣ ልጅ ግን ግንባሩን ከዳር እስከ ዳር ያመዋል፣ ግንባር ሲባል ደግሞ ሁላችንም ቶሎ ሳይነስ እንላለን። የሳይነስ ኢንፌክሽን ግን አፍንጫ ይዘጋል፣ ወፍራም ንፍጥ አለው፣ ደግሞም ከሰዓት መጥቶ ማታ አይጠፋም። ታይፎይድም ቀናት የሚቆይ ትኩሳት ነው እንጂ በወር ሁለቴ እየመጣ የሚሄድ ራስ ምታት አይደለም፤ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» ስላለ ብቻ ታይፎይድ ነው አይባልም።

ማይግሬን ነው ለማለት ሐኪሙ የሚፈልገው ቢያንስ 5 ጊዜ የተደጋገመ ሕመም ነው። ትልቅ ሰው ላይ 4 ሰዓት መቆየት አለበት፣ ልጅ ላይ 2 ሰዓት ይበቃል። ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ፣ አለዚያም ብርሃንና ድምፅ መጥላት ይታያል። ልጁ በቃሉ ባይናገርም ብርድ ልብስ ከተከናነበና ቴሌቪዥን አጥፉ ካለ እሱ ራሱ ምልክት ነው። ከእናት ወይም ከአባት ወገን ማይግሬን ያለበት ሰው ካለም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሲቲ ስካኑን ለጊዜው ይተዉት። ማይግሬን በሲቲም በኤምአርአይም አይታይም፣ ሲቲ ደግሞ ልጅን በከንቱ ለጨረር ያጋልጣል። ሐኪሙ የደም ግፊቱን ይለካ፣ የዓይኑን ጀርባ በመብራት ይይ፣ አካሄዱን ይመልከት። ሁሉም ደህና ከሆነ ይበቃል። ነገር ግን ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስታውከው፣ ሲያስል የሚብስበት፣ በየሳምንቱ እየጠነከረ የሚሄድ፣ ዓይኑ የሚንሸዋረር ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ከሆነ ያን ጊዜ የጭንቅላት ምስል ይነሳ። ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ካለ ወይም ራሱን ከሳተ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ደብተር ይያዙ። ስንት ሰዓት ጀመረው፣ መቼ ለቀቀው፣ ቁርስ በልቶ ነበር ወይ፣ ምሳ ዕቃው ሳይነካ ተመልሷል ወይ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን መድኃኒት ወሰደ። ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ሐኪሙን የሚረዳው ይህ ነው። ለመምህሩም ይንገሩ፤ እነዚህ ልጆች ትምህርት ጠልተው ነው ሲባሉ መስማት ያሳዝነኛል።

ሲጀምረው ሳይዘገዩ፣ ሐኪሙ በኪሎው ልክ ያዘዘለትን አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ይስጡት። አስፕሪን ግን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።