ስለ ሃላፔኞ ጠይቁኝ ብዬ ነበር

ሜሪላንድ ውስጥ ወጥ ቤት ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ከቤቴ ጀርባም በየዓመቱ ሃላፔኞ የሚባለውን የሜክሲኮ ቃሪያ ስምንት አሥር እግር እተክላለሁ። ስለዚህ ጠይቁኝ አልኩ፤ እናንተም አልሰነፋችሁም። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆቼ ይስቁብኛል። ጃላፔኖ ነው ሃላፔኞ?

ልጆችሽ ልክ ናቸው። በስፓኒሽ ያቺ የመጀመሪያዋ ፊደል፣ J፣ "ሀ" ተብላ ነው የምትነበበው። ስሙ የመጣው ከሃላፓ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ የቬራክሩዝ ግዛት ዋና ከተማ ናት። የጎንደሩን ሰው ጎንደሬ እንደምንለው፣ የሃላፓው ሃላፔኞ ሆነ። ገበያ ስትሄጂ ጃላፔኖ ብትዪም ማንም አይከለክልሽም።

ጥያቄ፦ ትልቁ ነው የሚፋጀው ትንሹ?

በመጠን አይታወቅም። የተለመደው ከ5 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። እኔ መጠኑን ትቼ ቆዳውን ነው የማየው። አንዳንዱ ላይ ቡናማ ጭረት ታያለህ፤ የወለደች ሴት ሆድ ላይ እንደሚቀረው ሸንተረር። ሥጋው ከቆዳው ቀድሞ ሲያድግ ቆዳው ይሰነጠቅና መልሶ ይገጥማል፣ ጭረቱ የዚያ ጠባሳ ነው። ብዙ ፈረንጅ የተበላሸ መስሎት ያልፈዋል። ሜክሲኮዎች ግን ፈልገው ይገዙታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ጭረት ያለው ሁሉ ያቃጥላል ማለት አይደለም። ተክሉ ላይ በደንብ እንደቆየ ነው የሚነግርህ።

ጥያቄ፦ ከሚጥሚጣ ጋር ሲወዳደር የት ነው?

ታች። የማቃጠል መለኪያው ስኮቪል ይባላል። ዊልበር ስኮቪል የሚባል አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1912 ያመጣው ነው። የቃሪያውን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠነ አምስት ሰው ያስቀምስ ነበር። ማቃጠሉ እስኪጠፋቸው ድረስ ስንት እጥፍ ቀጠነ? ቁጥሩ እሱ ነው። ዛሬ በመሣሪያ ይለካል። ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ነው። ሴራኖ የሚባለው ዘመዱ ከ10,000 ይጀምራል፤ ሃባኔሮ 100,000ን ያልፋል። ሚጥሚጣ የምትሆነዋን ትንሿን ቃሪያ ከሃላፔኞ ጎን ማስቀመጥ ደግሞ እሷን መስደብ ነው።

ጥያቄ፦ ከአንድ ቦታ ገዝቼ አንዱ ውሃ አንዱ እሳት የሚሆንብኝ ለምንድን ነው?

ከላይ ያለውን ቁጥር እስቲ መልሰሽ እዪው። ከ2,500 እስከ 8,000 ማለት ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። አንደኛ ዝርያው ነው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዘብ ያለ ሃላፔኞ አዳቅለው አውጥተዋል፤ ገበሬም ፋብሪካም ወደደው። ሳልሳ (የቲማቲምና የቃሪያ ማጥቀሻ) የሚያሽግ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ጣዕም ነው የሚፈልገው፤ ማቃጠሉን በኋላ በልኩ ይጨምርበታል። ሁለተኛ ውሃው። ውሃ የጠገበ ተክል ፍሬው ለስላሳ ነው፤ ጥም ያየው ይቆጣል። አንድ ሐምሌ ለሁለት ሳምንት ቤት አልነበርኩም፣ የሚያጠጣም አልነበረም። ስመለስ ቅጠሉ ጠውልጓል። ያን ጊዜ የቀጠፍኩትን ባለቤቴ አንዴ ነክሳ፣ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ወደ ፍሪጁ ሄደች።

ጥያቄ፦ ፍሬውን ሙልጭ አድርጌ አወጣለሁ፣ አሁንም ያንገበግባል።

ፍሬውን አትውቀሺው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ የሚመረተው ፍሬዎቹ በተንጠለጠሉበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። ፍሬው የሚያቃጥለው እሱ ስለነካው ነው። ስለዚህ ቃሪያውን ለሁለት ሰንጥቂ፣ የሻይ ማንኪያ ያዢ፣ ከአናቱ ወደ ጫፉ ነጩን ጠርገሽ አውጪ። ከጎን የሚወርዱትን ነጭ መስመሮችም አትርሺ። ስንት እንደምትተዪ ከመወሰንሽ በፊት ግን ጫፏን ቆርጠሽ ቅመሺ፣ ከዚያ አናቷን ቅመሺ። ጫፉ ለዘብተኛ ነው፤ አናቱ ነው ጉዱን የሚያወጣው። ጓንት አድርጊ። እኔ አንዴ ለበዓል 40 ቃሪያ በባዶ እጄ አዘጋጅቼ ዓይኔን አሸሁ። ሌላ አልናገርም።

ጥያቄ፦ በሃላፔኞ ስንግ ይሠራል? እናቴ "ይሄ ቃሪያ አይደለም" ትላለች።

እዚህ አሜሪካ ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤት ስንግ የሚሠራው በሃላፔኞ ነው። እናትህም ግን አልተሳሳቱም። የአገር ቤት ቃሪያ ሥጋው ስስ ነው፣ ገና ሲቆረጥ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ሃላፔኞ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ብዙ ነው። ጣዕሙ እርጥብ ሣር ሣር ይላል፣ ወደ የፈረንጅ ቃሪያ ይጠጋል። ስትነክሰው ቀጭ ይላል፤ ይሄን እኔ እወድለታለሁ።

እንዲህ አድርግ። በአንድ ጎኑ ብቻ ሰንጥቅ፣ ነጩን ግማሹን አውጣ። ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም አድቅቀህ ክተፍ፤ የቲማቲሙን ውሃ ጨምቀህ ድፋው፣ ቃሪያው ራሱ በቂ ውሃ አለው። ሎሚና ትንሽ ዘይት ጨምር። ጨው? ሊቀርብ ሲል ብቻ። ቀድመህ ከጨመርክ ሳህኑ ላይ ኩሬ ይሠራል። ለዳጣም ይሆናል፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በሶብላውን ጠንከር አድርገው እንጂ።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ውስጥ ቀይ ሆነብኝ። ልጣለው?

ጭራሽ! በስሏል ማለት ነው። አረንጓዴው ገና ጥሬው ነው። ቀዩ ጣፋጭ ይላል፣ የሣሩ ጣዕም ይቀንሳል። ቺፖትሌ የሚባለውም ሌላ ቃሪያ አይደለም፤ ቀይ ሃላፔኞ በጭስ ደርቆ ነው። ስሙ ከናዋትል፣ ከሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነው፣ "የታጠነ ቃሪያ" እንደማለት። ሥጋው ወፍራም ስለሆነ እንደኛ በርበሬ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቶሎ ይሻግታል፣ ለዚህ ነው ጭስ ያስፈለገው። ለበርበሬ ብለሽ አትድከሚበት።

ጥያቄ፦ አፍ ሲያቃጥል ምን ይሻላል?

ወተት ወይም እርጎ። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ ውሃ ብትጠጣ አፍህ ውስጥ ታዞረዋለህ። ቢራም ያው ነው፣ ይቅርታ። እጅ ከሆነ በዘይት እሸው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠብ።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ ይበቅላል?

ባልዲ በሚያክል ማሰሮ፣ ፀሐይ ካገኘ። ችግኙን ውርጭ ካለፈ በኋላ አውጣ፤ ከዚያ እስክትቀጥፍ ወደ 75 ቀን ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ባሌ ካልለበለበው ቃሪያ አይደለም ይላል። ሃላፔኞ እንደ ጎመን ነው የሚበላው።

ለእሱ ሴራኖ ግዢለት። የሜክሲኮዎች ሱቅ ውስጥ ከሃላፔኞው አጠገብ ታገኚዋለሽ፣ ቀጠን ያለው ነው። ወተቱን ግን አስቀድመሽ ደብቂ።